ወንዝ ዳር የቀሩት



ባለፈው መስከረም ሰቆጣ ውስጥ ስለ ጎርፍ ሳስተምር አንድ የከተማ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ውኃው እንደሚመጣ እያወቁ ለምን አይነሱም?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠው የፃግብጂ ልጅ ግን አቀረቀረ። የቤተሰቡ ማሳ ወንዝ ዳር ነው።

እውነቱን ለመናገር ጥያቄው የእኔም ነበር። ከተማ የምንኖር ሰዎች መልሱን ባጭሩ እንጨርሰዋለን፤ ወይ አለማወቅ ነው እንላለን፣ ወይ «ቀደር ነው ብለው ተቀምጠው ነው» እንላለን። በሳምንቱ የልጁ አባት ስንቅ ይዘውለት ሲመጡ ቁጭ ብለን ተጨዋወትን።

ወደ ተከዜ የሚወርደው ወንዛቸው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን በእነርሱ ሰማይ ደመና ሳይኖር ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ድንጋይ እያንከባለለ ይደርሳል። ከላይ ጠርጎ ያመጣውን ደለል ዳር ዳሩን ጥሎ ያልፋል። ዳገት ላይ ያለችው መሬታቸው ጠጠር ናት፤ ዝናብ ትንሽ ከዘገየ ማሽላው ይጠወልጋል። ደለሉ ግን እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ በክፉ ዓመት እንኳ ለልጆች የሚሆን አያጣም።

«መምህር፣ ጎርፉ ሁለት ጊዜ ማሳዬን በልቶብኛል። ድርቁን ግን ስንቴ ብዬ ልቁጠርልዎት?» አሉኝ።

እኚህን ሰው አላዋቂ የሚል ካለ እኔን አስቀድሞ ይበለኝ።

እንዲህ ያለ ሒሳብ በሌላም አገራችን አለ። ፎገራ ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ቤት ይፈርሳል፣ ከብት ይሞታል፤ ሩዙ የሚበቅለውም በዚያው ሜዳው ላይ በሚተኛው ውኃ ነው። ኦሞ ዳር የሚኖሩት ዳሰነቾች ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው ጭቃ ላይ ማሽላ መዝራት ከጥንት የለመዱ ናቸው። በነሐሴ 1998 ያ የሚጠብቁት ውኃ ከልኩ አልፎ ከ360 በላይ ሰው ፈጀ። ጊቤ 3 ከተገደበ በኋላ ደግሞ የለመዱት የየዓመቱ ጎርፍ ሲቀር እርሻው ተጎዳ። ውኃው ሲበዛም ሲጠፋም ተጎጂዎቹ እነርሱው ናቸው።

ይነሱ ከተባለስ ወዴት? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ገበሬው የወንዝ ዳሩን ሽጦ ደኅና ቦታ ልግዛ አይል። ትቶት ከሄደ ባዶ እጁን ነው። ሰፈራንም ቢሆን የዋግ ሰው ያውቀዋል። በ1977 ድርቅ ጊዜ ከወሎ ክፍለ ሀገር እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተጭኖ ነበር። በበሽታ ያለቀው አለቀ፤ በእግሩ አምልጦ የተመለሰም ነበር። የእኚህ ሰው ታላቅ ወንድም አልተመለሱም። «እንንሳ» የሚል ቃል ሲሰሙ የሚታያቸው እርሳቸው ናቸው።

ይህን ስል ወንዝ ዳር መተኛትን ማመስገኔ አይደለም። እርሳቸውም አይተኙም። አንድ ሌሊት ጎርፉ ፍየሎቻቸውን ከወሰደ ወዲህ ጎጇቸውን ወደ ዳገቱ አውጥተዋል፤ ውኃ መቅዳቱ ለእናትዬው ቢርቅም። ማሳው ብቻ ታች ቀርቷል። ደጋ ያለ ዘመዳቸው ዝናብ ሲጥል ስልክ ይደውልላቸዋል፤ ችግሩ ኔትወርኩ ራሱ በዝናብ ጊዜ መጥፋቱ ነው። (ይህን እኛም ሰቆጣ ሆነን እናውቀዋለን።)

ሊሄዱ ሲነሡ አንድ ነገር ለመኑኝ። ትንሿ ልጃቸው በዚያው መስከረም አንደኛ ክፍል ተመዝግባለች፤ ትምህርት ቤቷ ያለው ከወንዙ ማዶ ነው። ውኃው እስኪጎድል ሁለት ሳምንት ብትቀር ከመዝገብ እንዳይሰርዟት ለመምህሯ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ነበር።

ጻፍኩላቸው።