በደቻቱ አሸዋ ላይ ስለሚፈለፍሉ ወፎች



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ሌሊት ጥበቃ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የምጽፈው ስለ ወፍ ነው። «አቦ! ሰው በኑሮ ውድነት ተይዞ አንተ ስለ ወፍ ታወራለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ነገሩ የግቢያችንን አጥርም ይነካል።

ደቻቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚራንና መጋላን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነ ወንዝ ነው። ውኃ ሲመጣበት ግን እዚህም እዚያም ይከፋፈላል፤ መልሶ ይገናኛል፤ በመካከሉም የአሸዋና የጠጠር ደሴት ትቶ ያልፋል። ለእኛ ባዶ መሬት የሚመስለን እንዲህ ያለ አሸዋ ለአንዳንድ ወፎች ቤታቸው ነው።

ሁለት ዓይነቶችን ላንሳ። አንደኞቹ እግረ ረጅም፣ መሬት ላይ የሚሮጡ፣ ሰው ሲቀርባቸው የሚጮኹት ናቸው። ዛፍ ላይ ጎጆ አይሠሩም፤ አሸዋውን ጫር ጫር አድርገው እዚያው ይጥላሉ። እንቁላሉ ዥጉርጉር ስለሆነ ከጠጠሩ አይለይም፤ ሰው ሳያየው ይረግጠዋል። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይታቀፋሉ። በድሬ ፀሐይ ደግሞ መታቀፍ ማለት ማሞቅ ብቻ አይደለም፣ ጥላ መሆንም ነው። ወፏ ሰው ፈርታ ብዙ ከቆየች እንቁላሉ በፀሐይ ይበላሻል። ስለዚህ ወፏ እየጮኸች በላያችሁ ስትዞር፣ ወይም ክንፏ የተሰበረ መስላ ስትጎተት ካያችሁ፣ እንቁላሉ ወይም ጫጩቱ አጠገባችሁ ነው ማለት ነው። ዘወር በሉላት።

ሁለተኞቹ ንብ በል የምንላቸው ባለ ቀለም ወፎች ናቸው። ቀጥ ባለው የወንዝ ዳር አፈር ላይ ጠባብ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ወደ ውስጥ ዘልቀው ይፈለፍላሉ። የሚበሉት ንብ፣ ተርብና ሌላ በራሪ ነፍሳት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አሸዋ ማውጣት እንጀራ ነው። በአካፋ ልጆቹን የሚያሳድግ አባወራ በመካከላችን አለ፤ ቤታችንም የተሠራው በአሸዋ ነው። አሸዋ ጨርሶ አይውጣ የሚል ካለ እኔ አልስማማም። የምቃወመው አወጣጡን ነው። ለመኪና ስለሚቀርብ ብቻ የወንዙን ዳር ከሥሩ መቦርቦር ምን ይባላል? ዳሩ ሲቦረቦር የንብ በሉ ቤት ይፈርሳል። ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ የሚናደው ያው ዳር ነው፤ በላዩ ያለው የእኛ ግቢ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ያን ያየ ሰው በወንዝ ዳር አፈር አይቀልድም።

የሰው አገር ምሳሌም አለ። በኒውዚላንድ፣ ካንተርበሪ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ እየተከፋፈሉ የሚሄዱ ትላልቅ ወንዞች አሉ። በጠጠሩ ላይ ከሚፈለፍሉት ወፎች አንዱ ምንቃሩ ወደ ቀኝ የታጠፈ ነው፤ ከዚያ አገር ሌላ የትም አይፈለፍልም። በራካሁሪ ወንዝ አካባቢ ያሉ ነዋሪዎች ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተሰባስበው ወፎቹን ይቆጥራሉ፤ በመፈልፈያው ወራት ሰውና መኪና እንዳይረግጣቸው ማስታወቂያ ይተክላሉ፤ እንቁላል የሚበሉ አውሬዎችን ያጠምዳሉ። እንደኛው የሰፈር ሰዎች ናቸው እኮ።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦

1ኛ/ ከወንዙ ዳር አሸዋም አፈርም አይቆፈር። ከመካከል ይወሰድ።

2ኛ/ ከመካከልም ሲወሰድ እንቁላል የታየበት ደሴት ጫጩቶቹ ሮጠው እስኪሄዱ ለአራት ሳምንት ያህል ይተው። ቦታውን አሸዋ አውጪዎቹ ራሳቸው ይጠቁሙ፤ ቀድሞ የሚያየው እነሱ ናቸውና።

3ኛ/ የድንጋይ ምልክት ሲደረግ ከጎጆው ራቅ ይበል። ጎጆው ላይ ምልክት ማድረግ ለእንቁላል ሌባ መንገድ ማሳየት ነው።

4ኛ/ ወላጆች ወንጭፍ ከልጆቻቸው ይቀበሉ፤ ውሻ ያለውም ይሰር። ልጆቹ በርቀት ሆነው ወፎቹን ቆጥረው ለማኅበሩ ቢነግሩ ደግሞ ትልቅ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ አያስወጣም፤ አዲስ መዋጮም አልጠየቅሁም። ጉዳዩ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ይቀርባል። በተለይ አሸዋ አውጪ ወንድሞቻችን እንዳትቀሩ፤ ያለ እናንተ ቢወሰን ወረቀት ላይ ይቀራል። የማይስማማም ካለ መጥቶ ይናገር።

የማኅበሩ ጸሐፊ