ለመንጠቆም ዳኛ ያስፈልገዋል

መስከረም ሲጠባ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት ወሬው ሁሉ ኳስ ነው። ስለ አርሴናልና ስለ ማንቼ ሲከራከር የሚያመሸው ደጋፊ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሌላ የስፖርት ሜዳ እንዳለ ትዝ አይለውም። ሜዳው ስሙም ሐይቅ፣ ራሱም ሐይቅ ነው። ከበላዩ ደግሞ አርዲቦ አለ።

ፈረንጆቹ በዚሁ ወር ዘንጋቸውን ይዘው ትናንሽ ሐይቆች ዳር ይሰለፋሉ። የበጋው ሙቀት አልፎ ውኃው ቀዝቀዝ ሲል ትራውት የሚባለው ዓሣ እንደ ልብ መብላት ይጀምራላ! መንጠቆው ላይ ትል አይሰኩም፤ ላባና ክር ጠምጥመው ዝንብ ያስመስሉታል። የውሸት ዝንቡ ክብደት ስለሌለው የሚወረወረው በገመዱ ክብደት ነው። ጉልበት ሳይሆን ልምምድ ይጠይቃል።

«ታዲያ ትራውት አምጥተን ሐይቅ ውስጥ ብንጨምርስ?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ባሌ ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከኬንያ የመጣው ትራውት እንደ ዌብና ዳንካ ባሉ ወንዞች ተላምዷል። ግን ባሌ ደጋ ነው፣ ውኃውም ብርድ ነው። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሐይቅ ለትራውት ይሞቀዋል። የውጭ ተጫዋች ስለፈረመ ብቻ ዋንጫ አይመጣም። ደግሞስ ቆሮሶ ራሱ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ የገባ አዲስ ፈራሚ አይደለም እንዴ? ሌላ ዝውውር ሳያስፈልግ በቆሮሶና በአምባዛ መጫወት ይቻላል። እርግጥ ቆሮሶ ዋና ምግቡ አልጌ ስለሆነ ለላባ ዝንብ እንደ ትራውት አይዘልም፤ ትልና ሊጥ ግን አይንቅም።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን የምትታቀፈው አፏ ውስጥ ነው። ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ሲመጣ እዚያው አፏ ውስጥ ይሸሸጋሉ። በዚያ ሰሞን እምብዛም ስለማትበላ መንጠቆ ብዙም አያገኛትም። መረብ ግን የጠገበ የተራበ፣ እናት ልጅ ሳይል ይጠርጋል። ዓይኑ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ገና ያልወለደውንም አይምርም። ታዳጊ ቡድኑን አራጁ ክለብ ከሁለት ዓመት በኋላ ማንን ሊያሰልፍ ነው?

እዚህ ላይ ነው የመንጠቆ ስፖርት የሚጠቅመው። በዘንግ ያጠመደ ሰው የያዘውን አይቶ ይወስናል፤ ትንሹን መልሶ ይለቃል፣ የደረሰውን ይወስዳል። «ለፍቶ ይዞ መልቀቅ ምን የሚሉት ጨዋታ ነው?» ለሚል መልሱ ቀላል ነው። ዛሬ የተለቀቀው ጣት የሚያህል ዓሣ ነገ መጥበሻ የሚሞላ ነው።

ይህ ሲባል መረበኛው ከሜዳ ይውጣ ማለት አይደለም። እሱ ልጆቹን የሚያሳድገው ከዚያው ውኃ ነው። ከከተማ ዘንግ ይዞ የሚመጣው መዝናናት ሲፈልግ ነው፤ መረበኛው ግን እንጀራው ነው። ስለዚህ ጀልባው የሚከራየው፣ መንገድ የሚመራው፣ ከእንግዳው ገቢ ድርሻ የሚያገኘው እሱ መሆን አለበት። አለበለዚያ «ዓሣውን ጠብቅ» ቢሉት ለማን ብሎ?

ሕግ የለም እንዳይባል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ግን ብቻውን ፊሽካ አይነፋም። የመረቡን ዓይን የሚለካ፣ በመራቢያ ወራት «ይብቃ» የሚል ሰው ውኃው ዳር መገኘት አለበት። ወራቱን ባለሙያው ይወስን፤ ማስከበሩ ግን የወረዳውና የዓሣ አስጋሪዎቹ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ያዩትን አይተዋል። ሰላም ከሌለ ዘንግ ይዞ የሚመጣ እንግዳ የለም። ሰላሙ ሲመጣ ግን እንግዳው የሚያጠምደው ነገር መኖር አለበት። ዳኛው ዛሬ ካልገባ፣ ያኔ ሜዳው ይኖራል፤ ተጫዋቹ ግን አልቆ ይጠብቀናል።