ሥልጠናው ከአዳራሽ ወደ ቆቦ ማሳ ይውረድ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር መምህራንን በአሳታፊ የማስተማር ዘዴና በተግባር ምርምር ያሠለጥናል። የቤተ ሙከራ ባለሙያዎች ድርሻ ግን ብዙውን ጊዜ የጥቂት ቀናት የአዳራሽ ገለጻ ነው።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ንብረቱ ለተዘረፈው ለወልድያ ዩኒቨርሲቲ ይህ ክፍተት ቀላል አይደለም፤ መሣሪያ ቢተካም የሚያሠራውና የሚጠግነው ባለሙያ ካልሠለጠነ ከዕቃ ቤት አይወጣም።

ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው የቆቦ ሜዳ፣ የራያ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል፤ በከርሰ ምድር ውኃም ያለማል። የአፈርና የውኃ ናሙና አወሳሰድና ምርመራ ሥልጠና በዚያ ማሳ ቢሰጥ፣ ሠራተኛው ሙያውን ያዳብራል፤ ገበሬውም ስለ መሬቱ የተጨበጠ ውጤት ያገኛል። የሥልጠና ፍሬ በምስክር ወረቀት ብዛት ሳይሆን በዚህ ይለካ።