ስድስት ወይስ ስምንት? የሁለት አንጋፋ ግራፊክስ ካርዶች ሙግት

ገንዘቡ አጠር ያለ ጌመር ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ፍለጋ ሲወጣ፣ ብዙ ዞሮ የሚቆመው ሁለት ስሞች ፊት ነው፤ የኤንቪዲያው ጂቲኤክስ 1060 እና የኤኤምዲው አርኤክስ 580። ሁለቱም በብዛት የተመረቱ፣ በየአገሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። ሻጩን ልዩነታቸውን ቢጠይቁት «ያው ናቸው» ይላል። አዲስ በነበሩበት ዘመን ቢሆን ይህ መልስ ብዙም አያስወቅሰውም ነበር። ዛሬ ግን ያው አይደሉም። ያኔ 1060ን አስመራጭ ያደረጉት ነገሮች አንድ በአንድ ሲረግፉ፣ ትርፍ ነገር ተብሎ የታለፈው የ580 ስምንት ጊጋባይት ሚሞሪ ሚዛኑን ወደራሱ ስቦታል።

ታሪኩ በ2016 ይጀምራል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኤኤምዲ ጁን 29 ቀን አርኤክስ 480ን አወጣ፤ ባለ 4 ጊጋባይቱን በ199፣ ባለ 8ቱን በ239 ዶላር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጁላይ 19፣ ኤንቪዲያ ባለ 6 ጊጋባይቱን 1060 በ249 ዶላር ይዞ መጣ። 480 ገና ከመውጣቱ ስሙ ጎድፎ ነበር፤ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ሊስብ ከሚፈቀድለት 75 ዋት በላይ ሲስብ ስለተገኘ ኩባንያው በድራይቨር ማስተካከያ ሊያርመው ተገደደ። በዓመቱ፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2017፣ ያንኑ ፖላሪስ የተባለ ቺፕ ፍጥነቱን ጨምሮ አርኤክስ 580 ብሎ ሰየመውና ባለ 8 ጊጋባይቱን በ229 ዶላር ለገበያ አቀረበ። 580 እንግዲህ ልብስ የቀየረው 480 ነው፤ ልብሱ ግን ኃይል ይበላል፤ 150 የነበረው ዋት 185 ደረሰ።

በወረቀት ላይ ውድድሩ የተመጣጠነ አይመስልም። 1060 በውስጡ 1280 ማስሊያ ኮሮች ሲኖሩት 580 ደግሞ 2304 አሉት። የሚሞሪው መንገድ በአንዱ 192 ቢት፣ በሌላው 256 ቢት ነው፤ በሰከንድ የሚያልፈውም መረጃ 192 ጊጋባይት ለ256 ነው። በጥሬ የማስላት አቅም 4.4 ቴራፍሎፕስ ለ6.2 ይሆናል። ቁጥሩ ብቻ ቢፈርድ 580 በ40 በመቶ መቅደም ነበረበት። አልቀደመም። በጊዜው በነበሩ ብዙ ጌሞች ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሄዱ፤ እንደ ጂቲኤ 5 ባሉት ደግሞ 1060 መሪ ነበር።

ለምን? መልሱ ድራይቨሩ ላይ ነው። በዳይሬክትኤክስ 11 የተሠራ ጌም ለካርዱ የሚሰጠውን ትዕዛዝ የሚያዘጋጀው ሲፒዩው ነው። የኤንቪዲያ ድራይቨር ይህን ሥራ ለብዙ የሲፒዩ ኮሮች ያከፋፍል ነበር፤ የኤኤምዲው ግን አብዛኛውን በአንዱ ላይ ይጭነው ነበር። ብዙ ወጥ ሠሪ ያለበት ሰፊ ወጥ ቤት ትዕዛዝ የሚያደርሰው አንድ አስተናጋጅ ብቻ ቢሆን እንደማለት ነው፤ ወጥ ሠሪዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ። ሲፒዩው ደካማ በሆነ ቁጥር ችግሩ ይብሳል። ዳይሬክትኤክስ 12 እና ቩልካን የተባሉት አዳዲስ መንገዶች ሲመጡ ግን ሥራው ከድራይቨሩ ወደ ጌሙ ሠሪዎች ተሻገረና ያ ሁሉ ሥራ ፈት ኮር ሥራ አገኘ። የመጀመሪያው ጉልህ ማሳያ ዶም የተባለው ጌም ነበር፤ በጁላይ 2016 የቩልካን ማሻሻያ ሲጨመርለት የኤኤምዲ ካርዶች ፍጥነት በአንድ ጊዜ ተመነደገ። ከዚያ ወዲህ የወጡት ትልልቅ ጌሞች ወደ እነዚህ ሁለት መንገዶች እያዘነበሉ ስለሄዱ ጊዜው ራሱ ለ580 አደላ ማለት ይቻላል።

የሚሞሪው ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ካርዱ የግድግዳውን ቀለም፣ የልብሱን ክር፣ የፊቱን ቆዳ የሚያሳዩትን ቴክስቸሮች የሚያኖረው በራሱ ሚሞሪ ላይ ነው። ቦታ ሲጠበው ትርፉን ከኮምፒውተሩ ራም እያመላለሰ ያመጣል፤ ያ መንገድ ደግሞ ከካርዱ ሚሞሪ ጋር ሲነጻጸር ቀጭን ቧንቧ ነው። ውጤቱ በአማካይ የፍሬም ቁጥር ላይ ጎልቶ አይታይም። ጌሙ 50 ፍሬም ያሳያል፣ ተጫዋቹ አንድ ጥግ ሲዞር ግን ምስሉ ለቅጽበት ቆሞ ይንተፋተፋል። ፍጥነት ያነሰው ካርድ ጥላውንና ነጸብራቁን ዝቅ በማድረግ ሊታገዝ ይችላል። ሚሞሪ ያነሰው ግን ቴክስቸሩን ዝቅ ማድረግ ግድ ይለዋል፣ ቴክስቸር ደግሞ ለዓይን ጎልቶ የሚታየው ነገር ነው። ለዚህ ነው በ199 ዶላር የወጣውን ባለ 3 ጊጋባይት 1060 ከክርክሩ ማስወጣት የሚገባው። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሚሞሪው ግማሽ ነው፤ ኮሮቹም 1152 ብቻ ናቸው።

ባለ 6ቱ 1060 ግን ለዘመናት ንጉሥ ነበር። ስቲም በተባለው የጌም መደብር ወርሃዊ የሃርድዌር ቆጠራ ለዓመታት አንደኛ ሆኖ ቆይቶ ቦታውን ለጂቲኤክስ 1650 የለቀቀው በ2022 መጨረሻ ነው። ጌም ሠሪዎችም እሱን ልኬት አድርገው ሠርተዋል። ሳይበርፓንክ 2077 በ2020 ሲወጣ ለጥሩ ጨዋታ ይመከራሉ ከተባሉት ካርዶች አንዱ ባለ 6 ጊጋባይቱ 1060 ነበር። በ2023 መስፈርቱ ሲከለስ ያው ካርድ ወደ ዝቅተኛው መነሻ ወረደ፣ ከጎኑም ባለ 8 ጊጋባይቱ አርኤክስ 580 ተጻፈ። የሁለቱ የዛሬ ደረጃ ይኸው ነው፤ በር ላይ ናቸው፣ ግን አልተባረሩም። የተባረሩበት ቤትም አለ። ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል እና ዶም ዘ ዳርክ ኤጅስ የብርሃን ጨረር የሚያሰላ ልዩ ሃርድዌር ግድ ስለሚሉ ሁለቱም ካርዶች መስፈርቱን አያሟሉም።

በድራይቨር ድጋፍ በኩል ኤኤምዲ ቀድሞ ነው የደከመው። በ2023 ለፖላሪስ ካርዶች ከወሳኝ ጥገና ያለፈ ማሻሻያ እንደማይኖር አሳወቀ። ኤንቪዲያ ለ1060 ትውልድ ሙሉ ድጋፉን እስከ ኦክቶበር 2025 ቀጠለ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ኦክቶበር 2028 የሚዘልቅ የደኅንነት ጥገና ብቻ ቃል ገብቷል። (የመጨረሻው የድራይቨር ቅርንጫፍ ቁጥር ደግሞ፣ ይገርማል፣ 580 ነው!) በዊንዶውስ አሁን ሁለቱም ጡረተኞች ናቸው። በሊኑክስ ግን የኤኤምዲው ድራይቨር ክፍት በመሆኑና ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚመጣ 580 የተሻለ እርጅና አለው። ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። ኤንቪዲያ ምስሉን በትንሽ መጠን ሠርቶ በማጉላት ፍጥነት የሚጨምረውን የራሱን ዲኤልኤስኤስ ለአርቲኤክስ ካርዶች ብቻ ሲወስን፣ ኤኤምዲ በጁን 2021 ያወጣው ተፎካካሪው ኤፍኤስአር በ1060ም ላይ ይሠራል። ለአሮጌው 1060 ዕድሜ የቀጠለለት ተፎካካሪው ነው።

ለ580 መጥፎ ምስክር የሚሆነው ኤሌክትሪክ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የ65 ዋት ልዩነት፣ በቀን ሦስት ሰዓት ለሚጫወት ሰው በዓመት 71 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ፍራንክፈርት ለሚኖር ሐበሻ፣ ኪሎዋት ሰዓቱ በ35 ሳንቲም ቢታሰብ፣ ወደ 25 ዩሮ ይመጣል፤ ሁለት ሦስት ዓመት ሲጠራቀም በርካሽ የተገዛውን ካርድ ያስወድደዋል። አዲስ አበባ ላይ ችግሩ ሂሳቡ ሳይሆን ፓወር ሰፕላዩ ነው። ከቢሮ አገልግሎት ወጥተው የሚሸጡት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ከ240 እስከ 300 ዋት ባለው ፓወር ሰፕላይ የሚሠሩ ናቸው፤ ለካርድ የሚሆን ሽቦም ብዙ ጊዜ የላቸውም። ወርክስቴሽን የሚባሉት ትልልቆቹ ባለ 6 ፒን ሽቦ ይዘው ስለሚመጡ ባለ 120 ዋቱን 1060 ይሸከማሉ፤ አብዛኛው 580 የሚጠይቀውን ባለ 8 ፒን ግን ላያገኙ ይችላሉ። አዲስ ፓወር ሰፕላይ መግዛት ግድ ካለ ዋጋው በ580 ላይ መደመር አለበት። የሠርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ጨዋታውን በቀጥታ ለሚያስተላልፍ ሰውም የኤንቪዲያው ቪዲዮ ኢንኮደር ጥራት የተሻለ ነው።

ከዚያ ደግሞ የካርዱ ያለፈ ሕይወት አለ። ኢቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ በእነዚህ ካርዶች ይመረት በነበረበት ጊዜ የሚጠይቀው ሚሞሪ ከጊዜ ወደ ጊዜ እያደገ ሄዶ በ2020 መጨረሻ ባለ 4 ጊጋባይት ካርዶችን ከሥራ ውጭ አደረገ። ባለ 8ቱ 580 ግን ኢቴሪየም አሠራሩን እስከቀየረበት እስከ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ሌት ተቀን ሊሠራ ይችል ነበር። ዛሬ እንዲፈለግ ያደረገው ሚሞሪ ያኔ ለጉልበት ሥራ የዳረገው ነው። (ርካሽ ኃይል ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት የቢትኮይን ማሽኖች ከዚህ ጋር አይገናኙም፤ ለአንድ ሥራ ብቻ የተፈጠሩ ስለሆኑ ጌም አያጫውቱም።) በዚህ የዲጂታል ገንዘብ ምርት (በማይኒንግ) የደከመ ካርድ ሁልጊዜ የተበላሸ ነው ማለት አይደለም፤ ማራገቢያው ማለቁን፣ ባዮሱ (በካርዱ ውስጥ ያለው መነሻ ፕሮግራም) መነካካቱንና ሙቀት ሲጨምር ምስሉ መበላሸቱን ማየት ግን የገዢው ሥራ ነው።

በስም መነገድም አለ። በኦክቶበር 2018 ለቻይና ገበያ የወጣው አርኤክስ 580 2048ኤስፒ በተግባር ሲታይ አርኤክስ 570 ነው፤ ዛሬ ግን ብዙ ሻጭ የኋላውን ቁጥር ይውጠውና «580» ብሎ ይሸጠዋል። በ1060 በኩል ደግሞ ከ1060 በፊት የወጣ አሮጌ ቺፕ ባዮሱ ተቀይሮ 1060 ነኝ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ፒ106-100 የተባለው የማይኒንግ ዝርያ ደግሞ ጭራሽ የሞኒተር መሰኪያ የለውም።

ዋጋቸው እኩል ከሆነና ፓወር ሰፕላዩ ከቻለ ተመራጩ ባለ 8 ጊጋባይቱ አርኤክስ 580 ነው። ያለውን ወርክስቴሽን ሳይነካ መጫወት ለሚፈልግ ባለ 6ቱ 1060 ይበቃዋል፤ ዋጋው ከ580 በልጦ ከተጠራ ግን አይገዛም። ባለ 3ቱ በምንም ዋጋ አይመከርም። ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ካርዱ በሻጩ ኮምፒውተር ላይ ይሰካና ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይከፈት፤ የኮሮቹ ቁጥር ለ580 2304፣ ለ1060 1280 መሆን አለበት።