ገበያ ቀኑን አይስትም፤ የመናፈሻ መድረክስ?

ባሕር ዳር፦ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወደ ባሕር ዳር የሚያስገቡ መንገዶች በገበያተኛ ይሞላሉ። እህል የጫኑ አህዮች፣ ዶሮ ያንጠለጠሉ እናቶች፣ ቅቤና ማር የያዙ አርሶ አደሮች፣ ከጣና ማዶ በጀልባ ፍራፍሬ የሚያሻግሩ ነጋዴዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎርፋሉ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ በራሪ ወረቀት የበተነለት ወይም በድምፅ ማጉያ የለፈፈለት የለም። ገበያው ቅዳሜ መሆኑን፣ ቦታውም የት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ አያቶቹም ያውቁ ነበር።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳርቻ ክራር ወይም ጊታር የያዙ ወጣቶች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲጫወቱ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያዳምጣል፤ ጥቂቱ ያጨበጭባል፤ ከዚያም ይበተናል። በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ይገኙ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ወጣቶቹ ራሳቸውም አያውቁትም።

የሁለቱ ስብስቦች ልዩነት የችሎታ ወይም የፍላጎት ማነስ አይደለም። ልዩነቱ የቀጠሮ ነው። ያለ አሳታሚና ያለ ስፖንሰር ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ሙዚቀኞችንና የአካባቢው ነዋሪ የሚያዘጋጃቸውን ዝግጅቶች በከተማ መናፈሻ ለማስተዋወቅ ሲታሰብ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ግን የማይለዋወጥ ቀን ነው።

ቦታው አለ፤ ቀጠሮው የለም

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ደሴንና ደብረ ብርሃንን ጨምሮ በክልሉ ከተሞች በተካሄዱ የኮሪደር ልማት ሥራዎች የእግረኛ መንገዶች ሰፍተዋል፤ አረንጓዴ ስፍራዎችና መቀመጫዎች ተዘርግተዋል። በባሕር ዳር በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ከትራንስፖርት አገልግሎቱ ባሻገር ነዋሪው ነፋስ የሚቀበልበት ስፍራ ሆኗል።

ስፍራ መሥራትና ስፍራን ሕይወት መስጠት ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በመናፈሻዎች የሚታዩት ዝግጅቶች በአብዛኛው ከምረቃ፣ ከበዓል ወይም ከእንግዳ አቀባበል ጋር የተያያዙ ናቸው። መድረኩ በአንድ ሌሊት ይተከላል፤ ትልልቅ የድምፅ ማጉያዎች ይደረደራሉ፤ ታዋቂ ድምፃዊ ይጋበዛል፤ በማግሥቱ ሁሉም ይነቀላል። እንዲህ ያለው ዝግጅት ለአንድ ቀን ብዙ ሕዝብ ይሰበስባል፤ ልማድ ግን አይተክልም። ልማድ በሌለበት ደግሞ እያንዳንዱ ዝግጅት ከዜሮ ስለሚጀምር የማስታወቂያው ወጪ ሁልጊዜ አዲስ ነው።

ቋሚ ቀን ያለው ትንሽ መድረክ በአንጻሩ ወጪው እየቀነሰ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሪ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ያልመጣውን ይጠራል።

ሙዚቀኛው የት ይጫወት?

ጉዳዩ ከመዝናኛም ያለፈ ነው። ጎንደር አቅራቢያ እንደ ቡርቧክስ ባሉ መንደሮች አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሙያ ነው። የሙያው ገቢ ግን እንደ ዝናብ ወቅት አለው። ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ ማሲንቆ የያዘ ሁሉ ይፈለጋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርጉ ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ ጥቂት ይነቃቃል፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ጭቃውም ወደ መንገዱ ይመለሳል። በመሐል ያሉት ባዶ ሳምንታት ብዙዎችን ወደ ትልልቅ ከተሞች ምሽት ቤቶች ይገፋሉ።

የከተማው ወጣት ሙዚቀኛ ችግር መልኩ ይለያል። የቤት ውስጥ ቀረጻ ሠርቶ በቴሌግራምና በቲክቶክ ማሰራጨት ይችላል። ሥራውን የሚሰሙት ግን ከሩቅ ያሉ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የገዛ ሰፈሩ ሰው ሙዚቀኛ መሆኑን ሳያውቅ ዓመታት ያልፋሉ። ስልክ ዝናን ከሩቅ ያመጣል እንጂ ጎረቤትን አያስተዋውቅም።

ነባር መጫወቻዎችም ቢሆኑ ጸንተው የሚቆዩ አይደሉም። በአዲስ አበባ ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤትን ወግ ይዞ ለዓመታት የቆየው፣ በተወዛዋዡ መላኩ በላይ የሚመራው ፈንድቃ የባህል ማዕከል በ2017 ዓ.ም. በአካባቢው በተካሄደው የመልሶ ልማት ምክንያት ከነባር ስፍራው ለመነሣት ተገድዷል። ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው ማዕከል ይህ ከገጠመው፣ ስም የሌለው ትንሽ ቡድን መጫወቻ ማጣቱ አያስገርምም። ከተማ ሲታደስ የባህል ሰው መጫወቻ በዕቅዱ ውስጥ ካልተጻፈ ከዕቅዱ ውጭ ይቀራል። የመናፈሻ መድረክ ለዚህ ክፍተት ሙሉ መልስ ባይሆንም ርካሹና ፈጣኑ መልስ ነው።

የእንጅባራ ትምህርት

ለቋሚ ቀን ኃይል ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። የዓድዋ ዘማቾችንና የፈረሶችን ውለታ የሚዘክረው ይህ በዓል ከዳር እስከ ዳር ፈረሰኛ የሚያሰባስበው በቢልቦርድ ብርታት አይደለም። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል በመሆኑ አይረሳም፤ አባላቱ ከቀበሌ ጀምሮ የተሳሰሩ ናቸው፤ ፈረሱን የሚያስጌጠው፣ ድግሱን የሚደግሰውና የሚታደመው ያው የአካባቢው ሰው ነው።

ከዚህ ሦስት ነገሮችን መቅሰም ይቻላል። ቀኑ ሕዝቡ አስቀድሞ ከሚያውቀው ነገር ጋር ይታሰር። ጥሪው ባለው ማኅበራዊ መረብ በኩል ይሂድ። ታዳሚውም ተመልካች ብቻ ሳይሆን የዝግጅቱ ባለቤት ይሁን። ይህ ለዓመታዊ ታላቅ በዓል እንደሠራ ሁሉ በየሁለት ሳምንቱ ለሚዘጋጅ የሁለት ሰዓት መድረክም ይሠራል።

ጥሪው በማን አፍ ይሂድ?

ጥሪ ሲታሰብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት እንዲመጣ የሚፈለገው ሰው ማን እንደሆነ ነው። ተማሪው በቴሌግራም ይገኛል። የሰፈር እናቶችና አባቶች በዕድርና በዕቁብ ይገኛሉ። ባለ ሱቁና የባጃጅ አሽከርካሪው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ገበሬው ደግሞ በገበያ መውጫ ላይ ይገኛል። አንድ የተለጠፈ ወረቀት አራቱንም አይደርስም።

የጥሪው ቃልም ሊታሰብበት ይገባል። «ታላቅ የሙዚቃ ድግስ» የሚል ጥሪ የሚመጣውን ሰው ከፍ ያለ ነገር ያስጠብቀዋል፤ የሚያገኘው ሁለት ክራርና አንድ ከበሮ ሲሆን ያዝናል። «ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ትልቁ ዋርካ ሥር፣ ማሲንቆና ክራር፣ በነጻ» የሚል አጭር ጥሪ ግን የገባውን ቃል ይጠብቃል። ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የሚቀርበውና ዋጋው ከታወቁ የሚቀረው ጌጥ ነው።

ሰዓቱ ራሱ ጥሪ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ምሽት 2 ሰዓት የሚጀምር ዝግጅት ገበሬውን፣ ሕፃናት ያሏትን እናትና ሩቅ ሰፈር የሚኖረውን ተማሪ በሩ ላይ ይመልሳል። በክልሉ የጸጥታው ሁኔታ የምሽት እንቅስቃሴን በገደበበት ጊዜ ደግሞ የማታ ዝግጅት ማቀድ ከወዲሁ መሰረዝ ነው። ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ገበያው የሚበተንበት፣ ፀሐይም የምትበርድበት በመሆኑ ገበያተኛው ጥቂት አርፎ ሳይመሽበት አገሩ ይገባል።

ወቅትን የሚያውቅ መድረክ

ገበሬ የዘሩን ዓይነት እንደ ወቅቱ እንደሚለውጥ መድረኩም መለወጥ ይኖርበታል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ ጊዜ ለሜዳ ዝግጅት ይመቻል፤ በክረምቱ ግን መጠለያ የሌለው መድረክ የተሳካ ቀጠሮ ሊይዝ አይችልም። በዚያ ወቅት እንደ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ያሉ አዳራሾች በተመሳሳይ ቀንና ሰዓት ቢያስተናግዱት ቀጠሮው ሳይሰበር ይዘልቃል።

የዐቢይ ጾም 55 ቀናት የዳንኪራ ጊዜ ባይሆኑም ዝምታ ብቻ አያስፈልጋቸውም። ጾሙ በገና ከምንጊዜውም በላይ የሚደመጥበት ወቅት ነው። የግጥም ንባብና የመጻሕፍት ውይይትም ይስማሙታል። በረመዳን ወቅትም ሰዓቱን ከአፍጥር ጋር ማናበብና እንደ ወሎ ባሉ አካባቢዎች የደመቀውን የመንዙማ ባህል በምእመኑ ፈቃድና ክብር ማስታወስ ተገቢ ነው። ቀኑን ሳያቋርጥ መልኩን የሚለውጥ መድረክ የአካባቢውን ሰው ኑሮ ያውቃል ይባላል።

ገበሬው ምን ያገኛል?

የባህል መሣሪያዎች ሥረ መሠረት ገጠር ነው። የማሲንቆ ክር ከፈረስ ጭራ፣ ሽፋኑ ከቆዳ ይሠራል፤ ከበሮ የከብት ቆዳ ይለብሳል፤ ዋሽንት ከሸምበቆ ይቆረጣል። መድረኩ ሲለመድ መሣሪያውን የሚሠራው ባለሙያም ዕቃውን ዘርግቶ ገዢ የሚጠብቅበት ቦታ ያገኛል። ማር፣ ቆሎና ፍራፍሬ የሚያቀርቡ ማኅበራትም ያለ ደላላ ከከተሜው ጋር ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዘፈኖች መካከል ስለ እንስሳት ክትባት ወይም ስለ ዘር አቅርቦት አጭር መልእክት ማስተላለፍ ይጠቅማል። መልእክቱ ወደ ግማሽ ሰዓት ንግግር ከተለወጠ ግን መድረኩ ስብሰባ ይሆናል፤ አድማጩም በሚቀጥለው ሳምንት አይመለስም።

ሥጋቶቹ

የመናፈሻ አስተዳዳሪዎች ሥጋት መሠረት አለው። የተረገጠ ሣር ቶሎ አያገግምም፤ የተጣለ ፕላስቲክ ወደ ሐይቁ ይገባል። ስለዚህ መድረኩ በተነጠፈ ስፍራ ላይ ቢሆን፣ ጽዳቱም አስቀድሞ ለአዘጋጆቹ በግዴታ ቢሰጥ ይሻላል።

ሁለተኛው የድምፅ ጉዳይ ነው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ያስቀመጠው የድምፅ ጣሪያ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ይህ ልክ በትልልቅ ማጉያዎች በቀላሉ ይጣሳል። ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት በትንሽ ማጉያ ወይም ያለ ማጉያ ስለሚደመጡ ትንሹ መድረክ በሕግም በጎረቤትም ዘንድ ይሻላል። የጸሎትና የሕክምና ስፍራዎች አጠገብ ከሆነ ግን ቦታው ከመነሻው ሌላ ይፈለግ።

ሦስተኛው ክፍያ ነው። መግቢያው ነጻ ይሁን ሲባል ሙዚቀኛው በነጻ ይሥራ ማለት አይደለም። አዝማሪን በግንባሩ ላይ ብር እየለጠፉ መሸለም የቆየ ወግ ነው፤ ዛሬም የቴሌብር ቁጥርን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማቆም ይቻላል። ሽልማት ግን ደመወዝ አይደለም። ከመናፈሻው ካፌዎች ኪራይ ጥቂቱ ለቋሚ አበል ቢመደብ፣ ሙዚቃው ለካፌዎቹ ከሚያመጣው ገበያ አንጻር ፍትሐዊ ነው። የሌላ ሰው ሥራ የሚጫወቱም በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ በ2007 ዓ.ም. ከወጣው ማሻሻያው ጋር፣ የደራሲውን መብት እንደሚያስጠብቅ ማወቅ አለባቸው። ይህም የራሳቸውን አዲስ ሥራ ለሚያቀርቡ ወጣቶች ተጨማሪ ብርታት ነው።

የመጨረሻው ፈቃድ ነው። ጉዳዩ ባህልና ቱሪዝምን፣ የአረንጓዴ ልማትና ውበትን እንዲሁም ጸጥታን ስለሚነካ፣ ለእያንዳንዱ የሁለት ሰዓት ጨዋታ ሦስት ቢሮ ማንኳኳት የሚያስፈልግ ከሆነ ቀጠሮው ይሰበራል። ከተማው ለስድስት ወር የሚያገለግል አንድ ፈቃድ፣ የቀናት ሰሌዳና ተጠያቂ አስተባባሪ ቢያስቀምጥ ለቁጥጥርም ይቀላል። ተራው ለሁሉም ክፍት መሆኑና ሰሌዳው በይፋ መለጠፉ ደግሞ አድልዎ እንዳይገባ ይረዳል።

ከምን ይጀመር?

ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ የተመረጠ ጥላ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ትንሽ ማጉያ፣ በተራ የሚገቡ ስድስት ወይም ስምንት ቡድኖችና የማይለወጥ ሰዓት። ስኬቱም በመጀመሪያው ቀን በተገኘው ሕዝብ ብዛት ሊለካ አይገባም። በአሥረኛው ሳምንት ሳይጠራ የሚመጣ ሰው መኖሩ ትክክለኛው መለኪያ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ባዶ ሊመስሉ ይችላሉ። አዘጋጁ በዚያ ጊዜ ቀኑን ከለወጠ ወይም ካጠፈ፣ ለመምጣት አስቦ ሳምንቱን የጠበቀው ጥቂት ሰው ዳግመኛ አያምነውም። ዛሬ ከዳር እስከ ዳር የሚጎርፈው የባሕር ዳር ገበያም ቢሆን በአንድ ቅዳሜ አልቆመም፤ ጥቂቶች በቀጠሯቸው እየተገኙ ብዙዎችን አስለመዱት እንጂ።