ጧፍ ብላችሁ ፓራፊን አትሽጡልን!

"ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" ይላል ያገራችን ሰው። ስንት መስከረም ጠባ፤ ስንቱን ጉድ ሰማን! በርበሬ ውስጥ ሸክላ ተፈጭቶ ተገኘ ሲባል "እግዚኦ!" አልንና ዝም አልን። ቅቤ ውስጥ ሙዝ ተለወሰ ሲባል አጉረመረምንና ገዛን። ማሩ በስኳር በርክቶ፣ እንጀራው ጀሶ ቀምሶ ሲመጣ "ምን ይደረግ፣ ኑሮ ነው" ብለን ጎረስን። ዝምታችን የት እንዳደረሰን ይኸውና አየነው፤ ቅየጣው ከማድቤታችን ተነሥቶ ደጀ ሰላሙን ተሻግሮ መቅደስ ገብቷል።

የማወራው ስለ ጧፍ ነው። አዎ፣ ስለ ጧፍ! "አገር በስንት ነገር እየታመሰ ይሄ ሰውዬ ጧፍ ይዞብን መጣ" የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይበለኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው ያንብበኝ። ሰው አምላኩ ፊት በሚበራ መብራት ላይ ከዋሸ፣ በጤፍና በዘይት ላይ እውነቱን ይናገራል ብሎ የሚጠብቅ ካለ የዋህ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጧፍ ማለት ጥጥ ተፈትሎ፣ በቀለጠ የንብ ሰም ተነክሮ የሚሠራ ነው። ሁለት ነገር ብቻ፤ ፈትልና ሰም። አያቶቻችን ያቆዩልን፣ ቤተ ክርስቲያንም የምታውቀው ይህንኑ ነው። ሻማ ሌላ ነው። ሱቅ ውስጥ ታሽጎ የሚሸጠው ነጭ ሻማ ባመዛኙ ፓራፊን ነው፤ ፓራፊን ደግሞ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጣ እንጂ ንብ አይታው የማታውቀው ነገር ነው። ሦስተኛም አለ፤ ስቴአሪን ይሉታል፤ ከከብት ሞራ ወይም ከፓልም ዘይት ይሠራል። አንዳንዱማ ጣጣ ሳያበዛ ሞራውን ራሱን አቅልጦ ይጨምረዋል። ሁሉም ይነዳሉ፣ ሁሉም ያበራሉ። ክርክሬ መብራታቸው ላይ አይደለም፤ ስማቸው ላይ ነው።

ከወዲሁ ግልጽ ላድርግ። መደባለቅ በራሱ ኃጢአት ነው አላልኩም። ነጋዴው "ወንድሜ፣ ይሄ ግማሹ ሰም ግማሹ ፓራፊን ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው" ቢለኝ፣ ካሻኝ እገዛዋለሁ፣ ካላሻኝ አመስግኜው እሄዳለሁ። የኔ ጠብ "ንጹሕ የማር ሰም ነው" ብሎ እየማለ፣ የንጹሑን ዋጋ እየተቀበለ፣ ከነዳጅ የወጣ ነገር ከሚያሸክመኝ ሰው ጋር ነው። የመጀመሪያው ንግድ ነው። ሁለተኛው ሌብነት ነው። ሌላ ስም የለውም!

እኔ የዋግ ሰው ነኝ። የሰቆጣ ነጭ ማር ሲባል ከተሜው ሁሉ ምራቁን ይውጣል። ማሩን የሚያወድስ ሞልቷል፤ ሰሙን የሚያነሳው ግን የለም። ለመሆኑ ያ ሰም እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ንቧ ከሆዷ ሥር ካሉ ዕጢዎች እንደ ቅርፊት እያወጣች ነው የምትሠራው። አንድ ኪሎ ሰም ለመሥራት ንቦች ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር እንደሚበሉ ባለሙያዎች ይገምታሉ። ገበሬው ደግሞ ከአንድ ባህላዊ ቀፎ በዓመት የሚያገኘው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ነው፤ ሰሙ ከማሩ 8 ወይም 10 በመቶ ቢሆን ነው። እስቲ አስሉት! ዓመት ሙሉ ቀፎ ጠብቆ፣ ጭስ ተጣጥኖ፣ ተነድፎ፣ በመጨረሻ እጁ ላይ የሚቀረው ሰም ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው።

ይህም ዘመን ደግ ሲሆን ነው። በዋግ ዘመን ደግ የሚሆነው ስንቴ ነው? በ1977 ረሃብ ስማችንን ዓለም ሁሉ ሰማው። በ2013ና በ2014 ጦርነቱ በላያችን ላይ አለፈ፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ ሰቆጣ ላይ ተጠለለ። ጦርነቱ በረድ አለ ሲባል ደግሞ ድርቁ ዝቋላንና ሰሃላን መታ። ሣሩና አበባው ሲደርቅ ንብ ቀፎውን ጥሎ ይሰደዳል፤ እንደ ባለቤቱ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ገበያ የወጣ ሰም ነው እንግዲህ መርካቶ ላይ ከፓራፊን እኩል የሚቆጠረው።

እኩል የሚያስቆጥረው ማን ነው ብትሉ፣ ውሸቱ ነው። ገዢ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ሲያቅተው ሁሉንም ይጠረጥራል፤ ለሁሉም የሐሰተኛውን ዋጋ ይሰጣል። ፓራፊን የቀየጠው ነጋዴ በዚያ ዋጋም ያተርፋል፤ ፓራፊኑ ርካሽ ነዋ! ንጹሕ ሰም ያመጣው ገበሬ ግን ይከስራል። ሁለትና ሦስት ጊዜ ከከሰረ በኋላ ወይ ሰሙን አጣርቶ ማውጣቱን ይተወዋል፣ ወይ እሱም ራሱ መቀየጥ ይማራል። ሌባ ገበያ ውስጥ እውነተኛ ሰው የሚቆየው እስከ መቼ ነው?

በአንድ የበዓል ዋዜማ እዚህ አዲስ አበባ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጧፍ የምትሸጥ እናት አግኝቼ "እናቴ፣ ይሄ ከምንድን ነው የተሠራው?" ብዬ ጠየቅኩ። "ከሰም ነዋ ልጄ፤ ጧፍ ከምን ይሠራል?" አሉኝ። አንዱን አንስቼ አሸተትኩት። የማር ሽታ የሚባል በአጠገቡ አላለፈም። በጣቴ ስነካው እንደ ሳሙና ያሟልጫል። "ይሄማ ሰም አይደለም" ስላቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እኔ ከአከፋፋይ ነው የማመጣው፤ ሰም ነው ብሎ ሰጠኝ፤ ሰም ነው ብዬ ሸጥኩ። ከተጣላህ ከሱ ተጣላ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እሳቸው ጋር ጠብ የለኝም። ውሸቱ ከላይ ሲወርድ እሳቸው ጋ የደረሰው የመጨረሻው ፍርፋሪ ነው። እኔ የምፈልገው ያን ስሙን የማላውቀውን አከፋፋይ ነው።

እሱ ቢገኝ የሚለኝን አውቀዋለሁ። ሰበቦቹ አራት ናቸው፤ በየተራ እንያቸው።

"ሰም ተወደደ" ይላል። እውነት ነው፣ ተወዷል። ታዲያ ዕቃ ሲወደድ ዋጋ ይጨመራል፣ ወይ ይቀነሳል፣ ወይ ሌላ ዕቃ በሌላ ስም ይሸጣል። ወርቅ ሲወደድ ነሐስ ቀብቶ "ወርቅ ነው" ማለት የሚያስወነጅል ከሆነ፣ ሰም ላይ ሲሆን "ብልሃት" የሚባልበት ምክንያት አይገባኝም።

"ሕዝቡ አቅም የለውም፤ እኛ ባንቀላቅል ጧፍ ማን ይገዛ ነበር?" ይላል። ይህቺ ደግሞ የባሰች ናት! ለድሃ አዛኝ መስሎ ድሃውን መዝረፍ። ስለቷን ለመክፈል ከመቀነቷ ፈትታ የምትገዛ እናት አቅም ከሌላት፣ በትንሽ ዋጋ ትንሽ ንጹሕ ጧፍ ይሸጥላት፤ ወይም "ይሄ ድብልቅ ነው፣ ርካሽ ነው" ተብሎ ይነገራትና ትምረጥ። ድሃ ገንዘብ እንጂ ጆሮ አላጣም።

"ማንም አይጠይቅም" ይላል። አዎ፣ አይጠይቅም፤ ስላመነህ ነው! ጧፍ ብለህ ስለሸጥክለት ጧፍ ነው ብሎ ነው የወሰደው። ያልጠየቀህ እምነቱ ነው፤ አንተ እምነቱን ዋጋ አወጣህለት።

"ያው መብራት ነው፣ ምን ልዩነት አለው?" ይላል። ልዩነቱን ልንገርህ። ይህ ሕዝብ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቅቤና ሥጋ አልቀምስም ብሎ የሚከርም ሕዝብ ነው። የሰጠኸው ጧፍ ሞራ አለበት። ይገባል አይገባም የሚለውን ሊቃውንቱ ይፍረዱት፤ እኔ የምልህ ሳይነግሩት ሞራ ለማስያዝ ማን ፈቀደልህ ነው። ሁለተኛ፣ ክፉ ድብልቅ ያጨሳል፣ ይንጠባጠባል፣ ሙቀት ሲነካው ይልመጠመጣል። ሞራ ከንብ ሰም ይልቅ በትንሽ ሙቀት ይቀልጣል፤ ንጹሕ ሰም እስከ 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አይቀልጥም። ጭሱ ደግሞ ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል? ከሰቆጣ አጠገብ እንዳለው እንደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ያሉ ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት መስኮታቸው ጠባብ ነው። ጥላሸቱ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው።

ሦስተኛው ልዩነት ንቡ ራሱ ላይ ነው። ሰም ጧፍ ብቻ አይሆንም። ታትሞ ወደ ዘመናዊ ቀፎ ይመለሳል፤ ንቦች በሱ ላይ እንጀራቸውን ሠርተው ዕጭ ያሳድጉበታል። በ2016 እ.ኤ.አ. በቤልጂግና በኔዘርላንድ ስቴአሪን የተቀላቀለበት የታተመ ሰም የገዙ ንብ አናቢዎች ዕጫቸው ቀፎ ውስጥ ሞቶ አገኙት። የቀየጠው ሰው ያሰበው ትርፉን ነበር። የገደለው ግን ማሩንም ሰሙንም የምታመጣውን ንብ ነው። ይህ እኛ አገር ቢደርስ ከሳሽም ተከሳሽም የሚገኝ ይመስላችኋል?

የውጭውን ካነሳሁ አይቀር፣ ሌላው ዓለም ይህንን ጣጣ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ለንደን ውስጥ የሞራ ሻማ ሠሪዎች ማኅበር በ1462፣ የሰም ሻማ ሠሪዎች ማኅበር ደግሞ በ1484 እ.ኤ.አ. ከንጉሥ ቻርተር አግኝተዋል። ሁለት ማኅበር፣ ሁለት ስም፣ ሁለት ዕቃ! ሞራ የሚሸጠው ሞራ ነኝ ይላል፤ ሰም የሚሸጠው ሰም ነኝ ይላል። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ በ1904 እ.ኤ.አ. ለቅዳሴ የሚበራው ሻማ ከፍተኛው እጁ የንብ ሰም እንዲሆን ደነገገች። ልብ በሉ፤ ድብልቅን ጨርሳ አልከለከለችም። ግን ልኩን አስቀመጠች፤ በአደባባይ ተናገረች። እኛ ቅኔን ያህል ጥበብ ያለን፣ ሰምና ወርቅ ለይተን የምናስተምር ሕዝብ፣ ሰምና ፓራፊን መለየት ያቅተን? በቅኔ ሰሙ ወርቁን ቢሸፍን፣ አድማጩ ከሥር ወርቅ እንዳለ ያውቃል፤ ፈልጎም ያገኘዋል። በዚህኛው ንግድ ግን ሰሙን ብትገልጠው ከሥሩ የሚገኘው ሞራ ነው።

መንግሥትስ? መንግሥትማ ሕግ አላጣም። ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛና በቂ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ለንብ ሰምም የአገር ደረጃ ከወጣለት ቆይቷል። ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለን፤ ሰቆጣም የምርምር ማዕከል አለ። በላቦራቶሪ የአሲድና የኤስተር መጠኑ ሲለካ፣ ቅይጡ ሰም ራሱን ያጋልጣል። ወረቀቱ ሞልቷል፤ ወረቀቱን ይዞ ገበያ የሚወርድ ነው የጠፋው። ኢትዮጵያ በማርም በሰምም ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት እያሉ በየስብሰባው ያወሩልናል። ለውጭ ገዢ የሚላከው ሰም ሲመረመር፣ ለኛ የሚሸጠውን ማን መርምሮት ያውቃል? በ2007 የሕፃናትን መቀንጨር እናጠፋለን ተብሎ "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ሲገባ አጨብጭበናል። ቀነ ገደቡ 2022 ነው። ክቡራን፣ የሰቆጣ ገበሬ ለልጁ እንቁላልና ወተት የሚገዛው እኮ ማሩንና ሰሙን ሸጦ ነው! ዋጋውን በቀያጭ እያስበላችሁ ልጁን በቃል ኪዳን አታሳድጉትም።

አቤቱታ ብቻ እንዳይሆንብኝ የምጠይቀውን ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ጧፍ የሚሠራ ሁሉ በማሰሪያው ወረቀት ላይ ምን እንደጨመረ ይጻፍ፤ "ንጹሕ የንብ ሰም" ወይም "ድብልቅ፣ ይህን ያህል እጅ ፓራፊን"። ሁለተኛ፣ በየአጥቢያው ያሉ ሰበካ ጉባኤያት፣ በተለይ በግቢያቸው ጧፍ የሚሸጡት፣ ከአከፋፋይ ሲረከቡ ይጠይቁ፣ ያስመርምሩ፤ ካልሆነ በመቅደሱ ስም የሚሸጠው ውሸት የነሱም ነው። ሦስተኛ፣ የንግድ ቢሮዎች በበዓል ሰሞን በርበሬና ቅቤ እንደሚያዩት ሁሉ ጧፉንም ይዩት። አራተኛው የኛው የገዢዎቹ ነው። አሽቱት፤ ንጹሕ ሰም ማር ማር ይላል። በእጃችሁ እሹት፤ ሰም ሲሞቅ እንደ ሊጥ ይታዘዛል እንጂ እጅ ላይ ቅባት አይተውም። አብሩትና ጭሱን እዩ። ይህ የላቦራቶሪን ያህል አይሆንም፤ ጠያቂ መኖሩን ግን ለነጋዴው ያሳውቀዋል።

"ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ" ይላል ተረታችን። ሰም ስትሸጡልን ሰም በሉን። ሞራ ስትሸጡልን ሞራ በሉን። ፓራፊንም ከሆነ ፓራፊን በሉን፤ አናለቅስም። ከዚያ ወዲያ መግዛትና አለመግዛቱ የኛ ፈንታ ነው። ስሙን ደብቃችሁ የምትሸጡት ግን የዋግን ገበሬ ላብ፣ የድሃይቱን እናት ስለት ነውና፣ ከኛ ብታመልጡ እንኳ ጧፉ ከሚበራለት አታመልጡም።

ቸር ይግጠመን!