የግል ማስታወሻ ደብተር የማን ነው?

«የዕለት ማስታወሻ መጻፍ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው» የሚል አስተያየት በጓደኞቻችን መካከል አዘውትሮ ይሰማል። አንዳንዶቹም አልፈው ተርፈው፥ «ገና ተማሪ የሆነ ሰው ምን የሚጻፍ ታሪክ አለው?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ በዚህ ነገር ላይ ያለኝ አሳብ ከዚህ የተለየ ስለ ሆነ፥ ክቡራን መምህራን፥ ውድ ወላጆችና የትምህርት ጓደኞቼ አይታችሁ እንድትፈርዱት በመጽሔታችን ላይ ለማቅረብ ደፈርሁ።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምናገር ልግለጽ። የግል ማስታወሻ ስል ሰው ዕለት ዕለት የዋለበትን፥ ያየውንና ያሰበውን ለራሱ የሚጽፍበትን ደብተር ማለቴ ነው። ዜና መዋዕል ሌላ ነው፤ እርሱ በንጉሥ ትእዛዝ ለንጉሥ ክብር ይጻፋል። ሰው ሸምግሎ ያለፈውን ዘመኑን እያስታወሰ የሚጽፈው የሕይወት ታሪክም ሌላ ነው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የሕይወታቸውን ታሪክ ጽፈው ትተውልናል። አለቃ ለማ ኃይሉም ትዝታቸውን በቃል ሲናገሩ ልጃቸው መንግሥቱ ለማ በቴፕ ቀድተው «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው በ1959 ዓ.ም. አሳትመውታል። ሁለቱም መጻሕፍት ውድ ናቸው። ነገር ግን ወደ ኋላ የሚያስታውስ ሰው የነገሩን መጨረሻ ያውቃል፤ የዕለት ማስታወሻ የሚጽፍ ሰው ግን ነገ የሚሆነውን አያውቅም። ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነን እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፒፕስ ነው። ይህ ሰው በለንደን በባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ያገለግል የነበረ ሲሆን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1 ቀን 1660 ዓ.ም.፥ ገና የ26 ዓመት ሰው ሳለ መጻፍ ጀመረ። ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብሎ ፈርቶ በ1669 እስካቆመም ድረስ ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ጻፈ። የበላውን፥ ያወጣውን ገንዘብ፥ ከሚስቱ ጋር የተጣላበትን ምክንያት፥ በስብከት ሰዓት እንቅልፍ የጣለውን ቀን ሳይቀር አስፍሯል። በ1665 ወረርሽኝ ለንደንን ሲፈጃት፥ በ1666 ደግሞ ከተማዋ በእሳት ስትጋይ በዚያው ነበረ። እሳቱ በተነሣበት ሌሊት፥ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ገደማ፥ የቤት ሠራተኛው ቀሰቀሰችው፤ በመስኮት ተመለከተ፤ ሩቅ መስሎ ስለ ታየውም ተመልሶ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ግን በግቢው ጉድጓድ አስቆፍሮ የወይን ጠጁንና ፓርሜዛን የሚባለውን የኢጣልያ አይብ ሲቀብር እናገኘዋለን። ይህን ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያ እሳት ጻፍ ቢሉት ኖሮ፥ «ገና ጭሱን እንዳየሁ ልቤ ደነገጠ» ብሎ በጻፈ ነበር። ተመልሶ መተኛቱን የነገረን በዚያው ሰሞን ስለ ጻፈው ብቻ ነው።

የአይቡ ነገር የሚያስቅ ቢመስልም አንባቢን የሚይዘው እንዲህ ያለው ጥቃቅን ነገር ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ማንም ሰው እንደ ልብ ወለድ በአንድ ሌሊት ጨርሶ አይዘጋውም። ዛሬ ጥቂት፥ ነገ ጥቂት እያለ ያነባል፤ ጸሐፊውንም እንደ ጎረቤት ይለምደዋል። «ዛሬስ ከሚስቱ ጋር ታርቆ ይሆን?» እያለ ይቀጥላል። ጎረቤታችንን የምንወደው ሁልጊዜ መልካም ስለ ሠራ ሳይሆን ወጥቶ ሲገባ ስለምናየው እንደ ሆነ ሁሉ፥ የፒፕስም አንባቢዎች ጉድለቱን እያዩ አልተዉትም።

ፒፕስ ይህን ሁሉ የጻፈው ማንም በቀላሉ በማያነበው የአጭር ጽሕፈት ዓይነት ነው። በ1703 ሲሞት ስድስቱን ጥራዞች ከመጻሕፍቱ ሁሉ ጋር፥ በኋላ በካምብሪጅ ለሚገኘው ለሞድሊን ኮሌጅ እንዲደርሱ ተናዘዘ። ከመቶ ዓመት በላይ ፈትቶ ያነበባቸው አልነበረም። በኋላ ጆን ስሚዝ የተባለ ተማሪ ሦስት ዓመት ያህል ደክሞ ፈታቸውና በ1825 ታተሙ። የሚገርመው ግን የዚያ ጽሕፈት ማስተማሪያ መጽሐፍ በዚያው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ስሚዝ አለማወቁ ነው። ከዚህ የምረዳው፥ ፒፕስ ማስታወሻውን እንዲጠፋም እንዲታይም አለመፈለጉን ነው፤ ቢፈልግ ኖሮ ያቃጥለው ወይም ያሳትመው ነበር። የፈለገው ይቆይለት ዘንድ ነው።

ሁለተኛዋ ምሳሌዬ በዕድሜ እኛን የምታህል ልጅ ናት። አን ፍራንክ በ1942 የ13ኛ ዓመት ልደቷ ቀን ደብተር ተሰጣት። ወዲያውም ቤተ ሰቧ አይሁድ በመሆናቸው ከናዚዎች ለመሸሸግ በአምስተርዳም በአንድ መሥሪያ ቤት ጀርባ በሚገኙ ክፍሎች ገቡ፤ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ያህልም በዚያ ኖሩ። ደብተሯን «ኪቲ» እያለች በሐሳቧ ለፈጠረቻት ጓደኛ እንደ ደብዳቤ ትጽፍበት ነበር። ሰው ለምን ማስታወሻ ይጽፋል ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም፤ ንግግሩን ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው የሚሰማው ወዳጅ ስለሚፈልግ ነው። በ1944 በለንደን በስደት የነበረው የሆላንድ መንግሥት ሚኒስትር በራዲዮ ሕዝቡ ደብዳቤውንና ማስታወሻውን እንዲያስቀምጥ በጠየቀ ጊዜ፥ አን ደብተሯን ለመጽሐፍ እንዲሆን አድርጋ እንደ ገና መጻፍ ጀመረች። የሚወጣውንና የሚቀረውን እርሷ ራሷ ትመርጥ ነበር ማለት ነው።

ኦገስት 4 ቀን 1944 ተያዙ። ወረቀቶቹን ከወለል ላይ ካነሡት አንዷ ከደባቂዎቻቸው መካከል የነበረችው ሚፕ ኺስ ናት። ሚፕ የልጅቱን ደብተር በጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው፤ አንድም ገጽ አላነበበችም። አን ስትመለስ እንዳለ ልትሰጣት ነበር አሳቧ። አን ግን በ1945 በበርገን ቤልሰን የእስረኞች ሠፈር ሞተች፤ ደብተሩም በሕይወት ለተረፈው ለአባቷ ተሰጠ፤ በ1947 ታተመ። ሚፕ በኋላ እንደ ተናገረችው፥ ያን ጊዜ አንብባው ቢሆን ኖሮ የደባቂዎቹ ስም ስለ ነበረበት ማቃጠል ግድ ይሆንባት ነበር። እንግዲህ በዓለም ላይ ይህን ያህል የተነበበውን መጽሐፍ ያዳነው አንዲት ሴት ሳታነበው መቅረቷ ነው።

ወላጆችና መምህራን በዚህ ላይ እንዲያስቡበት እለምናለሁ። አን ከገጾቿ ሁለቱን በቡናማ ወረቀት ለጥፋ ሸፍናቸው ነበር። በ2018 ተመራማሪዎች ብርሃን አስተላልፈው ፎቶግራፍ በማንሣት አነበቧቸው፤ የተገኘውም የ13 ዓመት ልጅ የምትጽፈው ቀልድና እንዲህ ያለው ነገር ነው። ብዙ ሰው ተደስቷል፤ እኔ አልተደሰትሁም። እነዚያን ገጾች የለጠፈችው አስባበት ነውና።

ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ተማሪ የለም። አባቶቻችንም በዳዊታቸው ባዶ ቅጠል ላይ የልጅ ልደት፥ የዘመድ ሞት፥ የመሬት ሽያጭ ጽፈዋል። ነገር ግን አያቶቻችን በጠላት ወረራ ዘመን ጤፍ በስንት ይገዙ እንደ ነበር፥ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ምን ምን ይፈሩ እንደ ነበር የጻፈ ስንት ነው? በተለይ ሴቶቹን ፊደል ያስቆጠራቸው አልነበረም። ከእኛ መካከል በቤቱ የዕለት ኑሮን ለመጻፍ የመጀመሪያው የሚሆን ብዙ ነው። በስልካችን ፎቶግራፍ እናነሣለን፤ ፎቶግራፉ ግን የለበስነውን ያሳያል እንጂ ልብሱ የውሰት መሆኑን አይናገርም።

ያው ተረት «ይወረሳል» ይላል እንጂ «ይነጠቃል» አይልም። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ሳለ ንብረቱን የሚካፈል ሰው ወራሽ አይባልም። አንዲት ጓደኛችን ሁለት ዓመት በትጋት ትጽፍ ነበር። አንድ ቀን ታላቅ ወንድሟ ደብተሯን አግኝቶ ለጨዋታ ብሎ በእንግዶች ፊት አነበበው፤ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ትጽፋለች፤ የምትጽፈው ግን «ዛሬ ዘነበ፤ ትምህርት ነበረ» የሚል ነው። ወንድሟ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሆንም ቤተ ሰቡ ከዚያ ወዲህ ስለ ልጃቸው የሚያውቀው የዝናቡን ነገር ብቻ ነው።

«ልጄ ችግር ላይ ብትወድቅ በምን አውቃለሁ?» የሚሉ ወላጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ጥያቄያቸውም ቀላል አይደለም። በእውነት ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲታይ፥ ልጁም ተጠይቆ አልናገርም ሲል፥ ደብተር አይከፈት ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ይህ በር እንደ መስበር ነው፤ ቤት ሲቃጠል ይደረጋል እንጂ በየሳምንቱ አይደረግም። ደግሞም እንደሚከፈት የሚታወቅ ደብተር እውነቱን አይዝም፤ የተከፈተበትም ጥቅም ይቀራል። መምህራኖቻችንም ማስታወሻ እንድንይዝ ማዘዛቸው መልካም ሆኖ ሳለ፥ ተሰብስቦ «ከ10 ስንት» ተብሎ ሲታረም ግን የምንጽፈው ለማርክ ይሆናል። ሰዋስው የሚታረምበት ድርሰት አለ፤ ይህኛው ደብተር ቢቀርለት እላለሁ።

ለመጀመር ለሚያስብ ጓደኛዬ የምለው አጭር ነው። ቀኑን ጻፍ። የታክሲውን ሒሳብ፥ የሽሮውን ዋጋ፥ ማን መጥቶ እንደ ሄደ ጻፍ። ያልጻፍህበት ቀን ቢያልፍ ተወው፤ ያልዋልህበትን አትፍጠር። የተቆጣህበትን ሰው ስም ጽፈህ ከሆነም ደብተሩን ደኅና ቦታ አስቀምጥ።

ለመጪው ዓመት መጽሔት ደግሞ አንድ አሳብ ለአዘጋጆቹ አቅርቤአለሁ። ሁለት ገጽ ለዕለት ማስታወሻ ይተውልን። የፈቀደ ተማሪ ከደብተሩ ራሱ የመረጠውን የአንድ ቀን ጽሑፍ ገልብጦ፥ በስሙ ወይም ያለ ስሙ፥ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ በሚቀመጥ ሣጥን ውስጥ ይክተት። ያልፈቀደ አይጠየቅ። የሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ገና አልተወሰነም፤ እኔ ተማሪ ቢይዘው እመርጣለሁ።